የእትዬ ጌጤ አሥራ ሁለተኛ ድንጋይ

ድንጋዩ የወደቀው ግንቦት አጋማሽ ላይ፣ ቅዳሜ፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚያች ደቂቃ በአንኮበሯ ጎረቤላ ከተማ ውስጥ ከሁሉም ሰው ይልቅ ለሰማይ የቀረብኩት እኔ ነበርኩ፤ የጎረቤቴ የአብርሃም ጣሪያ ላይ ቆሜ ዲሽ አስተካክል ነበር። አብርሃም ከውስጥ ቴሌቪዥኑ ፊት ተቀምጦ፣ በዚህ ሥራ እንደተለመደው፣ ይጮኽልኛል።

«መጣ! መጣ! … ሄደ! መልሰው!»

ሳህኑን የጣት ያህል ወደ ምሥራቅ ስገፋው ከጣርማ በር ወገን ሰማዩ ተቀደደ። ሌላ ቃል ፈልጌ አጥቻለሁ፤ አዲስ አቡጀዲ ሲቀደድ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ሁለት ጊዜ ጓ፣ ጓ አለና ቆርቆሮው ከእግሬ ሥር ተንቀጠቀጠ።

«ኧረ ንጉሴ፣ ምን ነካህ?» አለ አብርሃም። «ጭራሽ አጠፋኸው!»

ሰሞኑን በእኛ አገር ድምፅ ሲሰማ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሌላ ነገር ስለሆነ፣ መንገድ ላይ የነበረው ሁሉ ቤቱ ገብቶ በሩን ዘጋ። ለሩብ ሰዓት ያህል ከተማው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር አንድ አህያ ብቻ ነበር። ሌላ ድምፅ ሳይከተል ሲቀር፣ መንገድ ሠሪዎቹ ድንጋይ አፈንድተው ነው ተባለና ሁሉም ወደ ጉዳዩ ተመለሰ። መንገድ ሠሪዎቹ ከሄዱ ሁለት ዓመታቸው ነው።

እኔ ገና ከጣሪያው ሳልወርድ ከታችኛው ግቢ እትዬ ጌጤ ተጣሩ።

«ንጉሴ! አንተ ንጉሴ! የላዩን ተወውና የታቹን ና እይልኝ!»

እትዬ ጌጤ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ናቸው። የበግ ሱፍ ፈትለው፣ ባና የሚባለውን የሱፍ ብርድ ልብስ ለሚሸምኑ ሰዎች ያስረክባሉ፤ የቤታቸው ግማሽ አልጋ፣ ግማሽ ሱፍ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ ከሟች ባላቸው ጋር እኩል ሲያረጅ ኖሮ ባልየው ቀድመውታል። ሚስማሩ ዝጎ ካለቀ ቆይቷል። ቆርቆሮውን የያዙት ላዩ ላይ የተቀመጡት አሥራ አንድ ድንጋዮች ናቸው። ይህ አንኮበር ላይ ነውር አይደለም፤ የእኛን ነፋስ የሚያውቅ ሰው ሁሉ የሚያደርገው ነው።

ስገባ ቤቱ ጠላ ጠላ ይሸታል። ጣሪያው ላይ ጭንቅላት የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቷል፤ በቀዳዳው ትይዩ የነበረው ትልቁ ጋን ሁለት ቦታ ተሰንጥቋል፤ ጠላው ወለሉ ላይ ተንጣሏል። ጠላው እንዲሁ ጠላ አልነበረም። በማግስቱ የዕድራችን ዓመታዊ ጉባኤ እሳቸው ቤት ነበር፤ ተራቸው ነው።

በስባሪው መሐል አንድ ድንጋይ አለ። ከቡጢ ትንሽ ይበልጣል። ሬንጅ ውስጥ ተነክሮ የወጣ ይመስል ጥቁር ነው፤ አንድ ጠርዙ ስለተፈነከተ ውስጡ አመድማ ሆኖ ይታያል፤ አመዱ ውስጥ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉ ክብ ነገሮች ተሰግስገዋል።

«ነኩት?» አልኳቸው።

«ነካሁት እንጂ። ከወንዝ እንደወጣ ድንጋይ ቀዝቃዛ ነው። ምንድን ነው እሱ?»

ስለ ሰማይ ያለኝ ዕውቀት ከሦስት ቦታ የተለቃቀመ ነው፤ ከሬዲዮ፣ ከስልክ፣ እና መጨረሻው ከተገነጠለ የፊዚክስ መጽሐፍ። መጨረሻው ስለሌለ ዓለም እንዴት እንደምታልቅ አላውቅም፤ አጀማመሯን ግን በደንብ አንብቤዋለሁ። ስለዚህ አስረዳኋቸው። ማርስና ጁፒተር በሚባሉት ፕላኔቶች መካከል ፕላኔት ለመሆን አስበው ሳይሳካላቸው የቀሩ ድንጋዮች አሉ፤ አስትሮይድ ይባላሉ። እርስ በርስ ይጋጫሉ፣ ይፈነካከታሉ፣ ከስብርባሪው አንዳንዱ መንገዱን ስቶ ወደ እኛ ይመጣል። ሌሎች ደግሞ አሉ፤ ከዚያም በጣም ርቀው የሚኖሩ፣ ከበረዶና ከአቧራ የተሠሩ። ፀሐይ ሲጠጉ በረዶው ይተንና ጅራት ያወጣሉ፤ ጅራታም ኮከብ የምንለው እሱ ነው።

እትዬ ጌጤ ቀዳዳውን ቀና ብለው አዩ።

«ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ» አሉ፣ «የአብርሃምን ጣሪያ ዘሎ?»

«ይኸው።»

«ክረምት ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል፤ ይኼ ሁሉ ሱፍ የሰው ነው። ከራሰ ማን ይረከበኛል? ዕድሩ ይሠራልኝ ይሆን?»

እኔ የሰማዩን እንጂ የዕድሩን ማወቅ አልቻልኩም። ዕድሩ ይከብዳል።

*

እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሠላሳ አንድ አባላት እትዬ ጌጤ ቤት ተሰበሰብን። ጠላ እንደሌለ በር ላይ ስለተነገረ ሁሉም ፊቱን አጨፍግጎ ነው የገባው። የዕድሩ ዳኛ ጋሽ ወልደአረጋይ አግዳሚው መሐል፣ ልክ ቀዳዳው ሥር ተቀመጡ፤ ብርሃን የነበረው እዚያ ብቻ ነው። ጋሽ ወልደአረጋይ ሃያ ሁለት ዓመት ፍርድ ቤት መዝገብ ሲያወጡና ሲያስገቡ ኖረው በጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ፈርደው አያውቁም፤ ሲፈረድ ግን ሰምተዋል። ክፉ ሰው አይደሉም። ዕድሩ ሃያ አራት ቅጠል አዲስ ቆርቆሮ አለው፤ ያንን ቆርቆሮ ለወንበሮቹ መጠለያ ሊሠሩበት ሦስት ዓመት ተመኝተዋል። ስለዚያ ቆርቆሮ ሌሎች ሰዎች ስለ ልጃቸው በሚያወሩበት ድምፅ ነው የሚያወሩት።

«ሞገስ፣ ደንቡን አንብብ» አሉ።

ጸሐፊው ሞገስ ጉሮሮውን ጠራረገ። «አንቀጽ አሥራ አራት። የአባል ቤት ጣሪያ በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በበረዶ ቢጎዳ ዕድሩ ቆርቆሮና እንጨት ያቀርባል፤ አባላት በደቦ ይሠራሉ። አንቀጽ አሥራ አምስት። በድንጋይ ውርወራ የተጎዳ እንደሆነ ግን ዕድሩን አይመለከትም፤ ባለቤቱ ወርዋሪውን ይጠይቅ።»

አሥራ አምስተኛው አንቀጽ የገባው ሁለት ወንድማማቾች በአጥር ተጣልተው አንዱ የሌላውን ጣሪያ በድንጋይ ካወረደ በኋላ ነው። በእኛ ደንብ ከእያንዳንዱ አንቀጽ ሥር አንድ ጠብ አለ።

«ይኼው ነው» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ። «ጣሪያውን የበሳው ድንጋይ ነው። አንቀጽ አሥራ አምስት። ወርዋሪው ይቅረብ።»

«ወርዋሪ የለውም ጋሼ» አሉ እትዬ ጌጤ። «ከላይ ነው የመጣው።»

«ያለ ወርዋሪ የሚመጣ ድንጋይ አላውቅም። ከላይ ማለት ከማን?»

ኮፍያ ያደረጉት ኮፍያቸውን አወለቁ። ሞገስ ብዕሩን እንዳነሳ፦

«በተጠያቂው ቦታ ላይ ማን ብዬ ልጻፍ?» አለ።

«አንተ ሰውዬ፣ እጅህን ሰብስብ!» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ፤ እሳቸውም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

በዚህ ጊዜ አብርሃም «ባለሙያ ይጠየቅ» አለ። «ሳተላይቱ የት እንደቆመ ጎረቤላ ሆኖ የሚያውቅ ሰው አንድ ድንጋይ ያቅተዋል?» አብርሃም ይህን ያለው ቴሌቪዥኑ በመጨረሻ ስለመጣለት ነው። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

እትዬ ጌጤ ጠዋት ላይ በር ዳር ይዘውኝ ነበር። «ንጉሴዬ፣ ያን ጅራታሙን በል» ብለውኛል። «ከበረዶ ነው ብለህ የለ?» ድንጋይ ነው እኮ እትዬ፣ ብላቸው፣ «ሱፉን አይተኸዋል?» ብለው ብቻ ሄዱ። እኔ መዋሸት አልወድም። እውነቱን ግን በየትኛው አቅጣጫ አዙሬ እንደማሳይ ዲሽ አስተምሮኛል።

«ከሰማይ የሚመጡት ሁለት ዓይነት ናቸው» አልኩ ተነስቼ። «አንዱ የድንጋይ ወገን ነው፤ ሌላው የበረዶ። ይህኛው ሲመጣ በዓይኔ አላየሁትም። ከበረዶው ወገን አይደለም ብዬ ለመማል ይከብደኛል።»

«እዚህ ያለው ድንጋይ አይደለም ወይ?» አሉ ዳኛው።

«ነው።»

«በረዶውስ?»

«ከነበረ ቀልጦ ይሆናል።»

«ከነበረ፤ ይሆናል።» ጋሽ ወልደአረጋይ ቃሎቹን በጣታቸው ቆጠሩ። «ስሙስ ማን ነው?»

«በልማድ ተወርዋሪ ኮከብ ይባላል።»

«አያችሁ? ተወርዋሪ ካለ ወርዋሪ አለ።»

ከኋላ የተቀመጡት ሳቁብኝ። እትዬ ጌጤ ግን አልሳቁም፤ ከመቀመጫቸው ተነስተው ደጅ ወጡና ትንሽ ቆይተው ተመለሱ።

ጋሽ ወልደአረጋይ ድንጋዩን አንስተው አገላበጡት፤ አዲስ ሐሳብ ፊታቸው ላይ ሲመጣ አየሁት።

«ለመሆኑ ጌጤ፣ ጣሪያሽ ላይ ድንጋይ አልነበረም?»

«አለ እንጂ፣ ማን ቤት የለም?»

«እንግዲህ ያው የራስሽ ድንጋይ ነው። ቆርቆሮው በስብሶ ሰመጠ። ሰማይን ለምን እናስቸግራለን?»

«የኔ አሥራ አንድ ነበሩ፤ አሁንም አሥራ አንድ ናቸው። ይቆጠሩ!»

«መቁጠር ብቻ አይበቃም። ማስረጃ በእጅ ይታያል። አብርሃም፣ ሞገስ፣ ውጡና ድንጋዮቹን በሙሉ አውርዱ።»

ሞገስ መጀመሪያ «ድንጋዮቹ በዳኛው ትዕዛዝ ወረዱ» ብሎ ጻፈ፤ ቀጥሎ ወጣ። ሥርዓት ያለው ሰው ነው። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ ወርደው በግድግዳው ጥግ በሰልፍ ተደረደሩ፤ በጠመኔም ቁጥር ተጻፈባቸው። አሥራ አንድ ናቸው። ጋሽ ወልደአረጋይ ይህን ሰምተው «ቆጠራው ለክርክር ክፍት ነው» አሉ።

እኔም በዚህ ጊዜ ስህተቴን ሠራሁ። ከሰማይ የሚመጡ ድንጋዮች ብረት አላቸው፤ ማግኔት ይስባቸዋል፤ ይህን በሬዲዮ ሰምቻለሁ። ሮጬ ሄጄ ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ የነቀልኩትን ማግኔት በክር አንጠልጥዬ መጣሁ። ቤቱ ትንፋሹን ያዘ። ማግኔቱን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ አስጠጋሁት፤ ማግኔቱ ሸርተት ብሎ ሄዶ ድንጋዩን ሳመው። እትዬ ጌጤ እልል አሉ።

«አምጣው ወዲህ» አሉ ጋሽ ወልደአረጋይ።

ክሩን ይዘው ወደ ሰልፉ ሄዱ። ቁጥር አንድን አስነኩት፤ ሳመ። ቁጥር ሁለትንም ሳመ። ቁጥር ሰባትን እንዲያውም ከሰማዩ ድንጋይ ባላነሰ ፍቅር ነው የሳመው። ወደ በሩ ሄደው የደፉን ድንጋይ አስነኩ፤ ሳመ። የግቢውን ካብ፣ የበግ ማሰሪያውን ድንጋይ፣ አብርሃም የተቀመጠበትን ድንጋይ፤ ሁሉንም ሳመ። ለካ የእኛም ጥቁር ድንጋይ ብረት አለው። ይህን መጽሐፌ አልነገረኝም፤ ምናልባት የተገነጠለው ገጽ ላይ ነው።

«እንግዲህ ንጉሴ» አሉ ዳኛው ክሩን እያወዛወዙ፣ «በአንተ ሳይንስ አንኮበር በሙሉ ከሰማይ ነው የወረደችው ማለት ነው?»

«እኛስ መቼ ሌላ አልን?» አሉ አንድ ሽማግሌ ከጥግ።

ሳቁ ለረጅም ጊዜ አላባራም። ሳቁ ሲሰክን ጋሽ ወልደአረጋይ ተቀምጠው ባርኔጣቸውን መልሰው አደረጉ፤ ሊወስኑ ነው። እትዬ ጌጤ ግን በዚህ መሐል ሌላ ሰው ሆነው ነበር። አንድ ሰፌድ የገብስ ቆሎ አቀረቡ። የሱፉን ከረጢቶች እየጎተቱ አልጋው ሥር ወሸቁ፤ የተረፉትን በላስቲክ ሸፈኑ። ለእንግዳ ቦታ የሚያሰፉ መሰለኝ።

«ጋሽ ወልደአረጋይ» አሉ በጣም በትሕትና፣ «ከመወሰንዎ በፊት ደንቡ ከመጀመሪያው ጀምሮ ቢነበብልኝ። እኔ ማንበብ አልችልም፤ ሁሉንም ሰምቼ ነው መሸነፍ የምፈልገው።»

ይህን የመሰለ ጥያቄ ለጋሽ ወልደአረጋይ ቀርቦላቸው አያውቅም። ደስ አላቸው። ሞገስ ከአንቀጽ አንድ ጀመረ። አንቀጽ አሥራ ሁለት፣ ስለ ድንኳን አመላለስ፣ ሲደርስ ቤቱ ጨልሞ ስለነበር በስልኩ መብራት ያነብ ነበር። አሥራ አምስትን ሲጨርስ ጋሽ ወልደአረጋይ ተነሱ።

«ግራ ቀኙን መርምረናል። ጣሪያው የተጎዳው በድንጋይ ስለሆነ ዕድሩ…»

ባርኔጣቸው ላይ አንድ ነገር ጠብ አለ። ዘሎም የሞገስ መዝገብ ላይ አረፈ። ጋሽ ወልደአረጋይ በሁለት ጣታቸው አነሱት፤ ባቄላ ያክላል፤ ነጭ ነው።

«ይኼኛውስ ምንድን ነው፣ ንጉሴ?»

«ይኼኛው እንኳ በረዶ ነው፣ ጋሼ።»

ከዚህ በኋላ የተነገረውን ማንም አልሰማም። ከቆላው የወጣው ደመና ያለውን ሁሉ አንዴ ዘረገፈው። ነፋሱ ተከተለ፤ ነፋሱ የሚያውቃቸውን አሥራ አንድ ድንጋዮች ፈልጎ አጣቸው። የመጀመሪያው ቆርቆሮ ሁለት ጊዜ አጨበጨበና ሄደ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተያይዘው ሄዱ። አራተኛው በአብርሃም ጣሪያ በኩል ሲያልፍ ዲሹን ይዞት ሄደ፤ አብርሃም ከወንበር ሥር ሆኖ «ሄደ!» ሲል ሰማሁት። የቀረነው አባላት አግዳሚዎቹን ገልብጠን ከሥሩ ተኮለኮልን። ጋሽ ወልደአረጋይ ቦታ ስላልደረሳቸው የቆሎውን ሰፌድ በራሳቸው ላይ ደፍተው ግድግዳ ተደግፈው ቆሙ፤ ሞገስ መዝገቡ ላይ ተኛበት።

አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ሲያባራ ወለሉ ነጭ ሆኗል፣ ከላይ ሰማይ ብቻ ነው። ከግድግዳው ጥግ አሥራ አንዱ ድንጋዮች ከነቁጥራቸው በሰልፍ ቆመው ያዩናል።

«ሞገስ፣ ወንድሜ» አሉ እትዬ ጌጤ ከነጠላቸው ላይ በረዶውን እያራገፉ፣ «አሥራ አራተኛውን እስቲ ድገምልኝ።»

ሞገስ አፍንጫው ጫፍ ላይ ውሃ ተንጠልጥሎ አነበበ። «…በእሳት፣ በጎርፍ ወይም በበረዶ ቢጎዳ…»

ጋሽ ወልደአረጋይ ሰፌዱን ከራሳቸው ሳያወርዱ «ድንጋዮቹ በቦታቸው ቢሆኑ ኖሮ ነፋሱ አያነሳውም ነበር» አሉ። «ያወረዳቸው ሰው ኃላፊነቱን…»

«ይቅርታ ጋሼ፣ ቃለ ጉባኤው ላይ አለ» አለ ሞገስ። ገጹን ወደ ብርሃኑ አዞረ፤ ብርሃን አሁን በየቦታው ነበር። «ቀለሙ ትንሽ ፈሷል እንጂ ይነበባል። ‹በዳኛው ትዕዛዝ› ይላል።»

ጋሽ ወልደአረጋይ ሰማዩን አዩ፤ ድንጋዮቹን አዩ፤ ሞገስን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ሰፌዱን አውርደው ሰፌዱ ላይ ተጣብቃ የተረፈችውን ቆሎ ለቀሙ።

«ቆርቆሮው ይውጣ» አሉ፤ ድምፃቸው ልጅ እንደሚድር አባት ሆኖ ነበር።

*

ለሁለት ቀን ሱፉ አብርሃም ቤት አደረ። ማክሰኞ በደቦ ተሠራ። መዶሻ ይዘው መጀመሪያ የደረሱት ጋሽ ወልደአረጋይ ናቸው፤ እያንዳንዱን ቆርቆሮ ሳይደበድቡት፣ እያሻሹ ነው የመቱት። አዲስ ቆርቆሮ፣ አዲስ ሚስማር። ድንጋዮቹም ወደ ቦታቸው ተመለሱ፤ ሚስማሩ አዲስ ቢሆንም ነፋሱ ያው ነው።

ዓርብ ዕለት ደብረ ብርሃን ካለው ዩኒቨርሲቲ ቤተልሔም የምትባል የድንጋይ መምህርት መጣች። ጓንትና ትንሽ ሚዛን ይዛለች። የቅዳሜውን ድምፅ ብዙ ቦታ እንደሰሙት፣ የወደቀውም ከምድር ተራሮች ሁሉ የሚበልጥ ዕድሜ ያለው ሊሆን እንደሚችል ነገረችን። ጋሽ ወልደአረጋይ «ጡረታውን ጨምሮ?» ብለው ጠየቁ።

«እማማ፣ ድንጋዩ የት አለ?» አለች ቤተልሔም።

እትዬ ጌጤ ወደ ጣሪያው ጠቆሙ። ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ናቸው።

«እዚያ ላይ ሰቀሉት?»

«ቤት ያፈረሰ ቤት ይያዝ ብዬ ነው። ከዚያ ውስጥ አንዱ ነው፤ ዝናብ ሁሉንም አጥቁሯቸዋል።»

«ግድ የለም፣ እለየዋለሁ» አለችና ቦርሳዋን ከፍታ በክር የተንጠለጠለ ማግኔት አወጣች።

ግቢው በሳቅ ፈረሰ። እኔ ብቻ አልሳቅኩም። ጋሽ ወልደአረጋይ ጠጋ ብለው እጇን በአባትነት ያዙ። «ልጄ» አሏት፣ «እሱን መልሺው። ሁሉንም ይስማል።»

ልጅቱ አልተቀየመችም። የተፈነከተውን ጠርዝ በአጉሊ መነጽር እንደምታየው፣ ጤፍ ጤፍ የሚያካክሉት ነገሮች ካሉበት እንደማትስተው አስረዳች፤ መሰላልም ጠየቀች። ጋሽ ወልደአረጋይ መሰላሉን በአንድ እጃቸው ያዙት።

«ከዚህ ጣሪያ ድንጋይ እንዲወርድ እኔ ሁለተኛ አላዝም» አሉ። «ባለቤቷ ትዘዝ፤ ሞገስ፣ እንደዚያ ብለህ ጻፍ።»

እትዬ ጌጤ ወደ ግቢው ጫፍ ሄዱ። ፊታቸውን ወደ ቆላው አዙረው፣ እጃቸውን ከግንባራቸው በላይ ጋርደው ቆሙ። አሻግረው አዩ፤ ነፋሱን በጉንጫቸው ለኩ፤ ወደ ጣርማ በር ዞረው እንደገና አዩ።

«ውጪ ልጄ» አሉ ሲመለሱ። «እስከ ነገ ጠዋት ምንም አይመጣም። አንዱን ብቻ ግን አውርጂ።»

ቤተልሔም ወጣች። እኔ እትዬ ጌጤን አየኋቸው። ልብስ ሳያሰጡ በፊት ደመና የሚያዩ፣ ሱፍ ሳያጥቡ በፊት ነፋስ የሚለኩ ሴት ናቸው፤ አርባ ዓመት ይህን ሲሠሩ ኖረዋል። የዚያን እሁድ ደጅ መውጣታቸው ትዝ አለኝ፤ ከረጢቶቹ፣ ላስቲኩ፣ ከአንቀጽ አንድ ጀምሮ የተነበበው ደንብ።

«እትዬ» አልኳቸው ቀስ ብዬ፣ «የዚያን እሁድስ ደመናው ሲመጣ አላዩትም ነበር?»

«አይቼዋለሁ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አሉ?»

መሰላሉን ለልጅቱ ደግፈው እንደያዙ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ስለ ሰማይ የተጠየቅከው አንተ ነህ» አሉ። «እኔን ማን ጠየቀኝ?»